ዕድሜና ነባር ደዌ በወረርሽኝ ጊዜ፤ የድሬዳዋ ነጋዴ ሊመረምረው የሚገባ ሒሳብ

ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ ዓመት ሲገባደድ መደብሩን ዘግቶ ዕቃውን ይቈጥራል። በመጋዘን ያለውን ከመዝገብ ጋር ያስተያያል፤ ያበደረውንና የተበደረውን ያመዛዝናል፤ የጐደለውን አይቶ ለመጪው ዓመት ይዘጋጃል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነውና ንግዳችንን አጽንቶ ያቈየልን መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በዚህ ቈጠራ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይገባ የቀረ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ይኸውም በመደብሩ የሚቀመጠው፣ በመጋዘኑ የሚሠራውና በቤታችን የሚጦረው ሰው ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ በሰውነቱም ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ነባር ደዌ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ነው። ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው ሒሳብ ይኸው ሆኖ ይገኛል።

ከተማችን ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማይቱ ተቈረቈረች፤ በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የወደቡና የመካከል አገሩ መገናኛ ሆና ጸናች። ከባሕር የሚመጣው ጨርቅ፣ ስኳርና ብረታ ብረት በእኛ በኩል ይገባል፤ የሐረርጌ ቡና፣ ቆዳና የቁም ከብት በእኛ በኩል ይወጣል። ይህ ለከተማችን በረከት ነው። ሆኖም ዕቃ በሚያልፍበት መንገድ ደዌም እንደሚያልፍ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በረኛ የሆነ ሰው ከእንግዳው ጋር አብሮ የሚመጣውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ የመቀበል ዕጣ አለበት።

ለዚህም ምስክር የሚሆነን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው። ያን ጊዜ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ ወደ አገራችን የገባው ከባሕር ጠረፍ በባቡሩ መስመር በኩል እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በአዲስ አበባ ብቻ ዐሥር ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ስንኳ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ እየተሰበሰበ የሚታጠንበት ልማድም ከዚያ ጊዜ መታሰቢያነት ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን ስለዚያ በሽታ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። ኢንፍሉዌንዛ በሌላው ጊዜ ይልቁንም ሕፃናትንና ሽማግሎችን የሚጐዳ ሲሆን፣ ያ ወረርሽኝ በዓለም ሁሉ አብዝቶ የቀጠፈው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ብርቱ ጐልማሳ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረርሽኝ የራሱ የሆነ ምርጫ አለው፤ የአንዱን በማየት የሌላውን መተንበይ አይቻልም።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ኮሮና ደግሞ ምርጫው ሌላ ሆነ። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ የመጀመሪያው ሞት መጋቢት 27 ቀን ተገለጠ፤ በሦስተኛው ቀን ማለት መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚያ ጊዜ ከቻይና የተገኘው የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት 44,672 በሽተኞችን የመረመረ ሲሆን፣ ውጤቱ ለነጋዴ ዐይን እንደ ዋጋ ዝርዝር ሆኖ የሚነበብ ነው። በጠቅላላው ከታመሙት መካከል ከመቶ 2.3 ሞቱ። ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 79 ዓመት ከሆነው ከመቶ 8 ሞቱ፤ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ደግሞ ከመቶ 14.8 ሞቱ። ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ግን አንድም አልሞተም። ወደ ነባር ደዌ ስንመለስ፣ ምንም የቈየ በሽታ ከሌለባቸው መካከል የሞተው ከመቶ አንድ ስንኳ አልሞላም። የልብና የደም ሥር ሕመም ከነበረባቸው ግን ከመቶ 10.5፣ የስኳር በሽታ ከነበረባቸው ከመቶ 7.3፣ የደም ግፊት ከነበረባቸው ከመቶ 6 ሞቱ። አንዱ በሽታ አንድ፣ ሞቱ ግን እንደ ሰውየው ዕድሜና እንደ ሰውነቱ ነባር ዕዳ የተለያየ ነበር።

ከዚህ በመነሣት የአንድን ክፍለ ዓለም ተጋላጭነት ከሌላው ጋር ለማስተያየት ይቻላል። ከጃፓን ሕዝብ ከመቶ 29 ያህሉ፣ ከጣሊያን ሕዝብ ደግሞ ከመቶ 23 ያህሉ ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን ይህን ዕድሜ ያለፈው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው፤ የሕዝባችን ግማሽ ዕድሜው ከ20 ዓመት በታች ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 በታተመ አንድ ሰፊ ግምት መሠረት፣ በዓለም ላይ 1.7 ቢሊዮን ሕዝብ፣ ማለት ከመቶ 22 የሚሆነው፣ ኮሮናን የሚያከብድ ቢያንስ አንድ ነባር ደዌ አለበት። ይህም በአውሮፓ ከመቶ 31፣ በአፍሪካ ከመቶ 16 እንደ ሆነ ተገምቷል። ዕድሜው ከ20 ዓመት በታች ከሆነው መካከል እንዲህ ያለ ደዌ ያለበት ከመቶ 5 አይሞላም፤ 70 ዓመት ካለፈው መካከል ግን ከሦስት ሁለቱ አለበት። እንግዲህ ዕድሜና ደዌ እንደ ዋናና እንደ ወለድ አብረው የሚያድጉ ናቸው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው እኛ ወጣት ሕዝብ ስለ ሆንን ሥጋት የለብንም፤ በአገራችን ተመዝግቦ የታወቀው ሞት ከ7,500 ጥቂት ቢበልጥ ነው» ሊል ይችላል። እኛም ይህ አሳብ በገበያ ሲነገር ደጋግመን ሰምተናል። ወጣትነት ጋሻ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን በዚህ ጋሻ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አደጋ መሆኑን በሦስት ምክንያት ለማስረዳት እንወዳለን።

አንደኛው ምክንያት፣ የተመዘገበው ሁሉ የሆነው ሁሉ አለመሆኑ ነው። በአዲስ አበባና በጅማ በሐኪም ቤት ሠራተኞች ላይ በተደረገ የደም ምርመራ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር እስከ የካቲት 2021 ድረስ ከግማሽ የሚበልጡት በበሽታው ተይዘው እንደ ነበር ታውቋል። በመዝገብ የሰፈረው ቍጥር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እና በ2021 በዓለም ላይ ከወትሮው በላይ የሞተው ሕዝብ 14.9 ሚሊዮን እንደሚሆን ገምቷል፤ ይህም በመንግሥታት ከተገለጠው እጅግ የላቀ ነው። መዝገቡ ጐደሎ የሆነ ነጋዴ ኪሳራውን ሳያውቅ እንደሚቀር ሁሉ፣ ሞቱን በትክክል ያልቈጠረ ሕዝብም ጕዳቱን አያውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ጥቂት ሰው ይታመማል ማለት የታመመው ይድናል ማለት አለመሆኑ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዐሥር የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 64 ሐኪም ቤቶች ውስጥ በተደረገና በ2021 በታተመ ጥናት፣ በብርቱ ታመው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት በሽተኞች መካከል ከመቶ 48.2 በሠላሳ ቀን ውስጥ ሞተዋል። በሌላው ዓለም አማካዩ ከመቶ 31.5 ነበር። ኦክስጅን፣ የኵላሊት ማጠቢያ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው በበቂ አለመገኘቱ የልዩነቱ ዋና ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የወጣትነታችን ጥቅም ከሐኪም ቤቱ በር ሲደርስ ያልቃል ማለት ነው። የፔሩ ሕዝብም ከአውሮፓ ሕዝብ ጋር ሲተያይ ወጣት ሕዝብ ነበር። ነገር ግን ኦክስጅን ባለቀ ጊዜ የሕዝቡ ሞት ከሕዝቡ ብዛት አንጻር በዓለም ላይ ከሁሉ የላቀ ሆነ፤ መንግሥቱም በ2021 የሟቾቹን ቍጥር እንደ ገና አስተካክሎ ከ180,000 በላይ መሆኑን ገለጠ።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ነባር ደዌ የሽማግሌ ብቻ አለመሆኑ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአህጉራችን ከሁሉ የበለጠ የኮሮና ሞት የመዘገበች አገር ናት፤ ቍጥሩ ከ100,000 አልፏል። በዚያ አገር የስኳር በሽታ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ሳንባ ነቀርሳና ኤች አይ ቪ በብዛት ይገኛሉ። በዚያው አገር በምዕራብ ኬፕ ክፍል የተደረገ ጥናት ኤች አይ ቪ ወይም ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው በኮሮና የመሞት ዕድሉ ከሌላው ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ አገር ሁሉ የየራሱ ነባር ዕዳ አለበት። የአውሮፓ ዕዳ እርጅና ነው፤ የሌላው አገር ዕዳ ሌላ ነው። የእኛ ዕዳ ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ስለ ድሬዳዋ የታወቀውን እንናገር። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2015 በአውሮፓ አቈጣጠር በተደረገው ጥናት የደም ግፊት ያለበት ጐልማሳ ከመቶ 16 ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በከተማችን ተደርጎ በ2019 በታተመው ጥናት ግን ከአራት ጐልማሶች አንዱ ያህል የደም ግፊት ተገኝቶበታል። እንዲህ የሆነበትን ምክንያት በገበያችን ለሚውል ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከጧት እስከ ማታ ከመደብር ሳይነሣ የሚቀመጥ፣ ሻዩን በስኳር አወፍሮ የሚጠጣ፣ ሐልዋና ባቅላባ የሚያዘወትር፣ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው፣ ሰውነቱ ቀስ በቀስ ዕዳ እየገባ መሄዱ አይቀርም። ጫት ለሰዓታት የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ሐኪሞች መስክረዋል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን፣ ሰው ሁሉ ደም ብዛት የሚለው ይህ በሽታ ሕመም ሳያሰማ ዓመታት የሚቈይ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው በሽታው እንዳለበት የሚያውቀው በአንድ ቀን ወድቆ ሲገኝ ነው፤ ወይም ሌላ ብርቱ በሽታ መጥቶ ሲገልጥበት ነው።

ድሬዳዋ በዚህ ብቻ አላበቃችም። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ስለ ሆነች ለትንኝ ትመቻለች። በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ትኩሳት ገብቶ ከ11,000 የሚበልጥ ሰው ታመመ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው ቺኩንጉንያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ40,000 በላይ ሰው አልጋ ላይ አዋለ፤ ያን ጊዜ ስንት መደብር በሠራተኛ እጦት እንደ ተዘጋ የምናስታውሰው ነው። ከዚህም በላይ በውኃ በርሜልና በገንዳ የምትራባው፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ ወባ ትንኝ መጣች። ይህች ትንኝ በአፍሪካ ቀንድ በመጀመሪያ የታየችው በጅቡቲ በ2012 በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በከተማችን በ2022 ከመጀመሪያው ወር እስከ አምስተኛው ወር ድረስ 2,425 የወባ በሽተኞች ተመዘገቡ፤ በ2019 በዚያው ወቅት የተመዘገቡት ግን 205 ነበሩ።

እነዚህን አራቱን በአንድነት ብንመለከት ሁሉም የተለያየ ሰው ይመርጣሉ። ኮሮና ሽማግሌውንና የስኳር በሽተኛውን ያጠቃል። ቺኩንጉንያ አዲስ የተወለደውን ሕፃንና አረጋዊውን ያከብድበታል፤ ጐልማሳውንም በመገጣጠሚያ ሕመም ለወራት ያሥረዋል። ዴንጊ በመጀመሪያው ቀለል ብሎ ያለፈለትን ሰው በሌላ ዐይነቱ ሁለተኛ ሲይዘው ይበረታበታል፤ ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. ታሞ የዳነ ሰው ዳንሁ ብሎ መዘናጋት አይገባውም። ወባ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ያስቀድማል፤ ነገር ግን በወባ ያልተለማመደ የከተማ ሕዝብ ከሆነ ጐልማሳውንም አይምርም። ስለዚህ የከተማችን የጤና መዝገብ አንድ ዐምድ ብቻ ያለው መሆን የለበትም። ዕድሜ አንድ ዐምድ ነው፤ ነባር ደዌ ሁለተኛ ነው፤ ከዚህ በፊት የታመመው በሽታ ሦስተኛ ነው፤ የሚኖርበትና የሚሠራበት ስፍራ አራተኛ ነው።

ከዚህም በቀር አረጋውያን በእኛ ዘንድ የሚኖሩበት ሁኔታ ከሌላው አገር የተለየ ነው። በአውሮፓ ብዙ ሽማግሎች የሞቱት ለብቻቸው በሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው። በእኛ አገር ግን አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ በአንድ ትሪ ይበላሉ። ይህ ባህላችን ክብራችን ነው፤ እንዲጠፋም አንመኝም። ሆኖም ልጁ ከትምህርት ቤት፣ ጐረምሳው ከገበያ፣ ሾፌሩ ከጅቡቲ የሚያመጣውን ደዌ አያት ከማታው ማዕድ ላይ እንደምትቀበለው ማወቅ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. ከወደቡ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮች መካከል ብዙዎች ታመው እንደ ተገኙ እናስታውሳለን። ሾፌሮቹ ጥፋተኞች አይደሉም፤ አገር ሳይራብ የቈየው በእነርሱ ድካም ነው። ነገር ግን ከሾፌሩና ከእናቱ መካከል የሚቆም አንድም መከላከያ አልተዘጋጀም ነበር።

አሁን ደግሞ ንግዳችንን በቀጥታ ወደሚነካው ነገር እንምጣ። በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በቀፊራም ሆነ በታይዋን ገበያ፣ የብዙ ንግድ ቤት ራስ ሆነው የሚያስተዳድሩት በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ናቸው። ደንበኛው የሚያምነው እርሳቸውን ነው፤ የጅቡቲው ወኪል የሚያውቀው የእርሳቸውን ድምፅ ነው፤ ለማን ስንት እንደ ተበደረ፣ ማንስ በስንት ቀን እንደሚከፍል በእርሳቸው አእምሮ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል። እንዲህ ያለው ሰው ድንገት ቢያልፍ፣ ሐዘኑ የቤተ ሰቡ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዱቤው ሳይሰበሰብ ይቀራል፤ ባንኩ ፊርማ ይጠይቃል፤ በወደብ የቆመው ዕቃ በየቀኑ ኪራይ ይቈጥራል፤ ወራሾች ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ሠራተኞቹም እንጀራቸውን ያጣሉ። እንግዲህ ወረርሽኝ በሽማግሌና በታማሚ ላይ ሲበረታ፣ በንግድ ከተማ ውስጥ የሚመታው ምሰሶውን ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዐይነት አስተያየት ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ወረርሽኝ ሲመጣ ገበያው ሁሉ ይዘጋ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «የዕለት እንጀራ ከበሽታ ይብሳልና ሁሉም እንደ ወትሮው ይቀጥል» ይላል። የመጀመሪያው ጕልት ተቀምጣ የምትሸጠውን ድኻ እናት ይረሳል፤ በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. ገበያ ሁሉ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ያልተደረገው ለዚህ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ያችው እናት ስኳር ያለባት ሽማግሌ ልትሆን እንደምትችል ይረሳል። በእኛ አስተያየት መካከለኛው መንገድ የሚገኘው በዕውቀት ነው። ማን በብርቱ እንደሚጐዳ አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ፣ ጥቂቶቹን በመጠበቅ ብዙዎቹ እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል። ማን እንደሚጐዳ ካልታወቀ ግን ምርጫው ሁሉን መዝጋት ወይም ሁሉን ለአደጋ መተው ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለነጋዴዎች ሁሉ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ንግድ ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ባለቤቱንና ሠራተኞቹን የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ እንዲያደርጉ ያድርግ። የደም ግፊት መለካት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው፤ ከአንድ ኩንታል ስኳር መመዘን አይረዝምም። ነገር ግን ውጤቱ የሠራተኛው ምስጢር ሆኖ ይጠበቅ። በደዌው ምክንያት ከሥራ የሚወጣ ሰው አንድ ስንኳ ከተገኘ፣ ሌሎቹ ሁሉ ይሸሽጋሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት እውነት የሚሆነው፣ እንዲደብቅ ያደረገው ፍርሃት ሲኖር ነውና፣ ፍርሃቱን ማስወገድ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ በዕድሜ የገፋ ወይም ነባር ደዌ ያለበት ባለ ንግድ፣ ጤና ሳለ ምክትሉን ይሠይም፤ ዱቤውን ከአእምሮው አውጥቶ በመዝገብ ያስፍር፤ ለሚያምነው ሰው ሕጋዊ ውክልና ይስጥ። ይህ ሞትን መጥራት አይደለም። በወረርሽኝ ጊዜ ሽማግሌው ያለ ሥጋት በቤቱ ለመቈየት የሚችለው መደብሩ ያለ እርሱ ለጥቂት ወራት መሄድ የሚችል እንደ ሆነ ብቻ ነው። እንዲያ ካልሆነ ምንም ቢመከር ወጥቶ ከመደብሩ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ የመድኃኒት አስመጪዎች ለደም ግፊትና ለስኳር የሚሆነውን መድኃኒት ቢያንስ ለሦስት ወር የሚበቃ አድርገው በከተማችን እንዲያከማቹ ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በመጋቢት 2020 ህንድ የአንዳንድ መድኃኒቶችን ወደ ውጭ መላክ በከለከለች ጊዜ የዓለም ገበያ እንዴት እንደ ተናወጠ አስመጪዎቻችን ያውቁታል። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኀይሉን ያጣል። በድሬዳዋ ሙቀት መብራት በጠፋ ቁጥር ሊበላሽ ስለሚችል፣ ተጠባባቂ ጀነሬተር ያለው ማቀዝቀዣ መኖር አለበት። ወረርሽኝ መንገድ በዘጋ ጊዜ የስኳር በሽተኛ በወረርሽኙ ሳይያዝ በመድኃኒት እጦት ሊሞት ይችላል፤ ይህም ሞት በወረርሽኙ መዝገብ አይጻፍም።

አራተኛ፣ ባለ ሱቆች ወረርሽኝ በተነገረ ጊዜ የጧቱን የመጀመሪያ ሰዓት ለሽማግሎችና ለታመሙ ደንበኞች ብቻ እንዲተዉ፣ ለቀሩትም ዕቃቸውን በባጃጅ ወደ ቤታቸው እንዲልኩ ከአሁኑ ይዘጋጁ። ይህ አሠራር በብዙ አገር በ2020 ተሞክሯል። ደንበኛን በቤቱ የሚያገለግል ሱቅ ደንበኛውን አያጣም፤ ስለዚህ ነገሩ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ንግድም ነው።

አምስተኛ፣ የውኃ በርሜልን መክደን፣ አሮጌ ጎማን ከዝናብ ማስጠለልና ከመጋዘን ጓሮ የተጠራቀመ ውኃን ማፍሰስ የእያንዳንዱ ነጋዴ ሥራ ይሁን። ጎማና በርሜል የምንሸጠው እኛ ነን፤ በውስጣቸው ስለሚራባው ትንኝም በከፊል ተጠያቂዎች ነን።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ የንግድ ምክር ቤታችን ከከተማው የጤና ቢሮና ከድል ጮራ ሆስፒታል ጋር በመመካከር፣ በየገበያው በተወሰነ ቀን ምርመራ የሚደረግበትን ስፍራ ቢያዘጋጅ፣ የአባላቱንም መዋጮ አስተባብሮ ለኦክስጅንና ለመመርመሪያ መሣሪያ መጠባበቂያ ቢያኖር መልካም ይሆናል። በትንንሽ ሱቅ የሚተዳደረው ነጋዴ ወጪውን ብቻውን ሊሸከም እንደማይችል እናውቃለን። አንድ ሰው ብቻውን ያልቻለውን ብዙዎች በማኅበር ይችሉታልና፣ ዕድርና ዕቁብን ያቋቋመ ሕዝብ ይህን ማድረግ አይሳነውም። ዕድር የሚደርሰው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ከመሞቱ በፊት የሚደርስ መዋጮ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ኮሮና እኮ አልፏል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይነቱ ማብቃቱን ገልጧል፤ አሁን ይህን ማንሣት ለምን አስፈለገ?» ይል ይሆናል። የምናነሣው ስላለፈ ነው። ወረርሽኝ በላያችን ሳለ የደም ግፊት መለኪያ ለመግዛት ገበያ አይገኝም፤ ተገኘም ቢባል ዋጋው አይቀመስም። መድኃኒት የለመደ ሰውነትም በአንድ ሳምንት አይገኝም፤ የደም ግፊትን ለማስተካከል ወራት ይፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የመዘጋጃው ጊዜ ገበያው ጸጥ ያለበት ይህ ጊዜ ነው።

ሌላም ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ ወጣት ነን ብለን የምንመካበት ሕዝብ ከነዕድሜው አይቆምም። በ2012 ዓ.ም. የ45 ዓመት ጐልማሳ የነበረው ነጋዴ በ2037 ዓ.ም. የ70 ዓመት ሽማግሌ ይሆናል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የደም ግፊቱ ሳይታወቅና ሳይታከም የቈየ እንደ ሆነ፣ የሚመጣው ወረርሽኝ የሚያገኘው ሕዝብ በቍጥር ብዙ ሽማግሌ ያለበት፣ በሰውነቱም ብዙ ዕዳ ያለበት ይሆናል። አውሮፓ ያረጀችው ከበለጸገች በኋላ ነው፤ ሽማግሎቿን የምታሳክምበት ሐኪም ቤት ነበራት። እኛ ሐኪም ቤቱ ሳይስፋፋ በሽታው የቀደመብን እንደ ሆነ የወጣትነታችን ጋሻ አርጅቶ ይወድቃል፤ በምትኩም የተዘጋጀ ሌላ ጋሻ አይኖርም።

ቀጣዩ ወረርሽኝ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ማንም ሊናገር አይችልም። በሐዲድ ይምጣ፣ በደወሌ መንገድ ይምጣ፣ በአውሮፕላን ይምጣ፣ ከትንኝ ይወለድ፣ በመጀመሪያ ከሚያንኳኳባቸው በሮች አንዱ የድሬዳዋ በር እንደሚሆን ግን የከተማችን ታሪክ ይመሰክራል። ያን ጊዜ በየቤቱ ማን ሽማግሌ እንደ ሆነ፣ ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ምክትል እንዳለውና መድኃኒቱ በየትኛው መደብር እንደሚገኝ የሚያውቅ ከተማ ጥቂት ቀብሮ ብዙ ያድናል። በመጪው የዓመት መጨረሻ መደብሩን ዘግቶ ዕቃውን የሚቈጥር ነጋዴ ሁሉ፣ ከመዝገቡ በስተመጨረሻ አንድ ገጽ ጨምሮ የሰዎቹንም ጤና እንዲቈጥር በታላቅ አክብሮት እናሳስባለን።